አራቱ ሰርጓጅ መርከቦች ስዊዝን ለምን ተዉት? የ1933 ዓ.ም. የምጽዋ ጉዳይ ጥናት

ጥያቄው የተነሣው አራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 ሐውልት ብዙም በማይርቅ ቡና ቤት ውስጥ ነው። የድል በዓሉ የአበባ ጉንጉን ተቀምጦ ሕዝቡ ሲበተን፣ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉ አንድ አዛውንት የሰፈራችን ሰው ከወደቡ የድሮ ሠራተኞች የሰሙትን አወጉን። ጣልያን ምጽዋን ሊነጠቅ ሲል የቀሩትን ሰርጓጅ መርከቦች በስዊዝ ቦይ በኩል በስውር አስወጣቸው፤ በሌላ መርከብ ሆድ ሥር ሆነው አለፉ፤ እንግሊዞች ያወቁት ካመለጡ በኋላ ነው። ወሬው ይህ ነበር።

አብሮን የተቀመጠው የአምስት ኪሎ የምህንድስና ተማሪ አላመነም። «ጋሼ፣ ቦዩ እኮ ይህን የሚያህል ጥልቀት አልነበረውም» አለ።

«ልጄ፣ ሰርጓጅ የተሠራው እንዳይታይ ነው» አሉት። «ጠላት በሚጠብቀው ጠባብ ውኃ ውስጥ ተደብቆ ያለፈ ሰርጓጅ የለም ልትለኝ ነው? አለ።»

የተናገሩት እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰርጓጅ አለ። ተማሪውም የተናገረው እውነት ነው። ሁለት እውነቶች እንዲህ ሲፋጠጡ ክርክሩን በአየር ላይ ማስቀጠል ትርፍ የለውም። ሰርጓጅ መርከብ በቦይ ተደብቆ ማለፍ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ያለ ቦታና ያለ ቀን ከተጠየቀ ማለቂያ የለውም። አዛውንቱ ያነሡት ግን ቦታም ቀንም ያለው ጉዳይ ነው። መርከቦቹ በስም ይታወቃሉ፣ የወጡበት ሳምንት ይታወቃል፣ የደረሱበትም ወደብ ይታወቃል። ጂኦግራፊ ስለማስተምር ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ጉዳዩን ከሥሩ ለመጻፍ ቃል ገባሁ። ከታች ያለው ያ ጽሑፍ ነው። ዘመኖቹን እንደየነገሩ በእኛም በአውሮፓውያንም አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የአውሮፓውያኑ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ምጽዋ፦ ስምንት የነበሩት አራት ሲቀሩ

ጣልያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ ምጽዋ ላይ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። ወሩ ሳያልቅ አራቱ ጠፉ። ማካሌ የተባለው (ስሙ የእኛው መቀሌ ነው) ከማቀዝቀዣው የወጣ መርዛማ ጋዝ ሠራተኞቹን አሳምሟቸው ከሱዳን ጠረፍ ወዲያ ከአንዲት ደሴት ጋር ተላትሞ ቀረ። ጋሊሌይ ኤደን አካባቢ በአንዲት የታጠቀች የእንግሊዝ አነስተኛ መርከብ ተማረከ። ቶሪቼሊ ፔሪም ደሴት አጠገብ ከብዙ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ጋር ውኃ ላይ ወጥቶ ተዋግቶ ሰጠመ። ጋልቫኒ ደግሞ ከዓረቢያ ወዲያ ማዶ ሰጠመ። የቀሩት ጉልየልሞቲ፣ አርኪሜዴ፣ ፌራሪስና ፔርላ ነበሩ።

በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር የምጽዋ ዕጣ ከሞላ ጎደል ተወስኖ ነበር። ከረን ላይ ከባድ ውጊያ ይካሄዳል፤ እንግሊዞችና አብረዋቸው የዘመቱት የሕንድ ወታደሮች ተራራውን እየገፉ ናቸው። ከረን ከወደቀ አስመራ ይከተላል፤ ከአስመራ ደግሞ መንገዱ ቁልቁል ወደ ወደቡ ነው። በእርግጥም ከረን መጋቢት 18፣ ምጽዋ መጋቢት 30 ተያዙ። ስለዚህ በየካቲት የሰርጓጆቹ አዛዦችና የበላዮቻቸው ከሦስት ነገሮች አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፦ መርከቦቹን እዚያው ማስጠም፣ በሰሜን በስዊዝ መውጣት፣ ወይም በደቡብ በባብ ኤል መንደብ ወጥቶ አፍሪካን መዞር።

ካርታ ለዘረጋ ሰው የሰሜኑ መንገድ ያጓጓል። ከምጽዋ እስከ ስዊዝ ከተማ 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦዩ ራሱ በዚያን ጊዜ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነበር። ከፖርት ሰይድ ወዲያ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ቢቀዝፉ ደግሞ ጣልያን ሰፈር የነበራት ሌሮስ ደሴት ናት። ሲደመር ከ2,700 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በደቡብ በኩል ወደ ፈረንሳዩ ቦርዶ ወደብ የሚወስደው ጉዞ ግን ከ22 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። በመንገዱ ላይ ጣልያን አንድም ወደብ የላትም። ነዳጅ የሚገኘው የጀርመን መርከቦች በውቅያኖስ መካከል ተቀጣጥረው ካቀበሉ ብቻ ነው።

አራቱም የረጅሙን መንገድ ያዙ። ከማርች 1 እስከ 4 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ባሉት ቀናት ከምጽዋ ወጡ። በእኛ ሲቆጠር ከየካቲት 22 እስከ 25 መሆኑ ነው፤ የዓድዋ መታሰቢያ ዕለት በመካከሉ ይውላል። ከዓድዋ በ45ኛው ዓመት ማለት ነው። ፔርላ በሕንድ ውቅያኖስ ደቡባዊ ክፍል አትላንቲስ ከተባለው የጀርመን የጦር መርከብ ነዳጅ ተቀበለ። በደቡብ አትላንቲክም ኖርድማርክ የተባለው የጀርመን መርከብ ነዳጅ አቀበለ። ሜይ 1941 እ.ኤ.አ. ላይ አራቱም ቦርዶ ገቡ። የአራት ኪሎው ሐውልት የሚያስታውሰው የንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ መመለስም የዚያው ወር ነገር ነው።

ስለዚህ «በስዊዝ አልፈዋል» የሚለው ወሬ በታሪኩ ይወድቃል። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ይጀምራል። እነዚህ ሰዎች ፈሪዎች አልነበሩም፤ በአንዲት ትንሽ መርከብ አፍሪካን የዞረ ሰው ፈሪ አይባልም። አጭሩን መንገድ እንዲተዉ ያደረጋቸው ምን ነበር?

ውኃው ራሱ

የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ሲከፈት ጥልቀቱ 8 ሜትር ነበር። ከዚያ በኋላ እየተቆፈረ ሰፍቷል፣ ጠልቋል። ጦርነቱ ካለቀ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 እንኳ በቦዩ እንዲያልፍ የሚፈቀድለት መርከብ ከውኃው በታች የሚጠልቀው ክፍል ከ10.7 ሜትር ማለፍ አልነበረበትም። በ1941 ከዚያም ያንስ ነበር።

አሁን ሰርጓጁን አስቡት። የዚያን ዘመን የጀርመኑ ታይፕ 7 ሰርጓጅ፣ ከታችኛው አከርካሪው እስከ ማማው ጫፍ 9.6 ሜትር ይረዝማል። የጣልያኖቹም ከ60 እስከ 72 ሜትር የሚረዝሙ፣ በጠቅላላ ቁመታቸው ከዚህ ብዙ የማይርቁ ነበሩ። ይህን አካል 11 ወይም 12 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ቢያስገቡት፣ ሆዱ ጭቃውን ሳይነካ ማማው ከውኃው ገጽ በታች የሚቀረው አንድ ወይም ሁለት ሜትር ብቻ ነው። በሌላ መርከብ ሆድ ሥር የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። የላይኛው መርከብ ራሱ ስምንትና ዘጠኝ ሜትር ከጠለቀ ለታችኛው የሚተርፍለት ውኃ የለም።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ውኃው ዝም ብሎ አለመቀመጡን ነው። በጠባብ ቦይ ውስጥ የሚሄድ ትልቅ አካል፣ የመርፌ መግፊያ መድኃኒቱን እንደሚገፋው፣ ውኃውን ከፊቱ ይገፋዋል፤ በጎኑና በኋላው ይስበዋል። ወደ ገጹ የቀረበ ሰርጓጅ ከላዩ ጉብታና የሚከተል ሞገድ ይፈጥራል። በክፍት ባሕር ላይ ይህ በሌላው ሞገድ መካከል ይጠፋል፤ ሁለቱም ዳርቻ ላይ ሰው በሚቆምበት ጸጥ ያለ ቦይ ውስጥ ግን ዓይን ይስባል። ኃይሉ መርከቡንም ራሱን ወደ ዳርቻው ይጎትተዋል። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2021 400 ሜትር የሚረዝመው የጭነት መርከብ ኤቨር ጊቭን ቦዩን ለስድስት ቀን ሲዘጋው ከነፋሱ ጋር የተነሣው ይኸው የዳርቻ ስበት ነው። ኤቨር ጊቭን የሚያይ ካፒቴንና መንገድ መሪዎች ነበሩት። በውኃ ውስጥ ያለ ሰርጓጅ ግን ዳርቻውን አያየውም፤ ፔሪስኮፑን (ከውኃው በላይ የሚያይበትን ቱቦ) ካወጣ ይታያል፣ ካላወጣ በእውር ድንብር ይሄዳል።

ጨውም አለ። ሰርጓጅ መርከብ በውኃ ውስጥ ተመጣጥኖ የሚቆመው በክብደቱና በውኃው ጨዋማነት መካከል ባለው ልክ ነው። ቦዩ የሚያቋርጠው ታላቁ መራራ ሐይቅ፣ ቦዩ ሳይቆፈር በፊት የደረቀ የጨው ሜዳ ነበር። የታችኛው ጨው ለብዙ አሥርት ዓመታት እየሟሟ የሐይቁን ውኃ ከቀይ ባሕሩም ከሜዲትራኒያኑም ይበልጥ ጨዋማ አድርጎት ኖሯል። ጨው የበዛበት ውኃ መርከቡን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከሐይቁ ሲወጣ ደግሞ ወደ ታች ይለቀዋል። መቶ ሜትር ጥልቀት ላይ ይህ በቀላሉ ይስተካከላል። ከላይም ከታችም አንድ ሜትር ብቻ ባለበት ቦታ ግን ትንሽ ስሕተት ወይ ጭቃ ውስጥ ነው ወይ ፀሐይ ላይ ነው።

የባትሪውን ነገር ያሰላው ተማሪው ነው። የዚያን ዘመን ሰርጓጅ ውኃ ውስጥ የሚሄደው በባትሪ ነው፤ ባትሪውን ለመሙላት ወደ ላይ ወጥቶ የናፍጣ ሞተሩን ማስነሣት አለበት። ፔርላ ውኃ ውስጥ በ4 ኖት (በሰዓት 4 የባሕር ማይል) ፍጥነት ሲሄድ የሚደርሰው ወደ 74 የባሕር ማይል ነው። ቦዩ 160 ኪሎ ሜትር ከሆነ 86 የባሕር ማይል ይሆናል። ተማሪው ወረቀቱን ወደ አዛውንቱ አዞረው፦ ባትሪው ከዳር እስከ ዳር ቢሞላም፣ አንዳች እንቅፋት ባይገጥመው እንኳ፣ ፔርላ መውጫው ሊደርስ 12 የባሕር ማይል ያህል ሲቀረው ይቆማል። ይህም ከ18 ሰዓት በላይ ውኃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ነው። ጋሼ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና «ሐይቁ ላይ በሌሊት ወጥቶ ቢሞላስ?» አሉ። የባሕረኛ ጥያቄ ነው። መራራው ሐይቅ ግን በዚያን ወቅት መርከቦች ተራ የሚጠብቁበት መቆሚያ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ድምፅ በጸጥታ ሌሊት ሩቅ ይሰማል።

ፈንጂውና ጠባቂው

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ማንም ባይጠብቀው እንኳ የሚገጥመውን ነው። ቦዩ ግን በጦርነቱ ውስጥ ከተጠበቁት ቦታዎች ሁሉ ዋነኛው ነበር። በእንግሊዝና በግብፅ መካከል እ.ኤ.አ. በ1936 የተፈረመው ስምምነት የእንግሊዝ ጦር በቦዩ ዳር እንዲሰፍር ፈቅዶ ነበር። የሚገባ መርከብ ሁሉ ይመዘገባል፣ መንገድ መሪ ይሳፈርበታል፣ ተራውን ይጠብቃል። በተራው ያልተመዘገበ ነገር በቦዩ ውስጥ ካለ፣ ጠላት ወይም አደጋ መሆኑ አያጠራጥርም።

ሰርጓጆቹ ከምጽዋ ሊወጡ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በጃንዋሪ 1941 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የጀርመን አውሮፕላኖች በሌሊት እየበረሩ በቦዩ ውስጥ ፈንጂ ይጥሉ ጀመር። ፈንጂዎቹ በላያቸው የሚያልፈውን የመርከብ ብረት መግነጢስ ተሰምቷቸው የሚፈነዱ ነበሩ። መርከቦች ሰጠሙ፤ ቦዩም በተደጋጋሚ ተዘጋ። እንግሊዞች የሚወድቀውን ፈንጂ ቦታ ለይተው የሚመዘግቡ ጠባቂዎች በዳርቻው ሁሉ አቆሙ፤ ትልቅ የመግነጢስ ቀለበት የታሰረባቸው ዌሊንግተን አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ ፈንጂውን ያፈነዱት ነበር። በማርች 1941 እ.ኤ.አ. በቦዩ ወለል ላይ እየተጎተተ የሚያልፍ የጣልያን ሰርጓጅ፣ የገዛ አጋሩ የጀርመን ፈንጂ በሚተኛበት ወለል ላይ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ሌሊት ሌሊት ውኃውን የሚያዩት ዓይኖችም ከመቼውም ጊዜ በዝተው ነበር።

የአዛውንቱ መከራከሪያ

ጋሼ ዝም ብለው የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ዳርዳኔልስስ?» አሉ፤ ወደ ማርማራ ባሕር የሚያስገባውን የቱርክ ሰርጥ ማለታቸው ነው። ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1914 ቢ11 የተባለች የእንግሊዝ ሰርጓጅ ከፈንጂ መስመሮች ሥር ሾልካ ሜሱዲዬ የተባለውን የቱርክ የጦር መርከብ አስጥማለች። ኤፕሪል 25 ቀን 1915 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውስትራሊያዋ ኤኢ2 ወደ ሰርጡ ገብታ፣ ሙሉውን አልፋ በማግሥቱ ማርማራ ባሕር ደርሳለች። ሁለቱም ዳርቻ መድፍ፣ ፈንጂና የፍተሻ መብራት ነበር።

ነገር ግን ዳርዳኔልስ የተፈጥሮ ሰርጥ ነው። በአማካይ ከ50 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ሰርጓጅ ከፈንጂው ሥር የሚገባበት ቦታ አለው። ፈንጂው በውኃው መካከል ታስሮ የሚቆም ነው፤ ከሥሩ ማለፍ ይቻላል። በስዊዝ ከፈንጂው ሥር የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ የአራቱ የራሳቸው ታሪክ ነው፤ በጉዳዩ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። ፔርላ እና ጉልየልሞቲ ቦርዶ አልቀሩም። ወደ ሜዲትራኒያን ተመልሰዋል። ፔርላ ሐምሌ 1934 ዓ.ም. ላይ ቤይሩት አካባቢ በእንግሊዞች ተማረከ፤ ጉልየልሞቲ ከዚያ ቀደም ብሎ በጣልያን ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ ሰጠመ። ከቦርዶ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ያለው በር አንድ ነው፤ ጂብራልታር። ጂብራልታር በእንግሊዞች እጅ ነበር፤ ሰርጡ በጠበበበት ቦታ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የማይጠልቅ የሚባለው ክፍሉ እንኳ 280 ሜትር ያህል ይጠልቃል። የላይኛው ውኃ ከአትላንቲክ ወደ ውስጥ ስለሚፈስ የሚገባውን መርከብ ይገፋለታል። የጀርመን ሰርጓጆችም በዚህ በኩል በብዛት ገብተዋል።

እንግዲህ መርከቡ ያው ፔርላ ነው፤ ጠባቂውም ያው እንግሊዝ ነው። በጂብራልታር ገባ፤ በስዊዝ ግን ለመሞከር እንኳ አልተነሣም። የተለየው የበሩ ጥልቀትና ስፋት ነው። ለተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ የጂኦግራፊ ትምህርት ማቅረብ አልችልም።

በግልጽ የተከፈተው በር

ይህን ታሪክ ስጽፍ ልቤን የሚያቆስለኝ ከአምስት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የሆነው ነገር ነው። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራውን ስትጀምር፣ ወታደሩም መድፉም አውሮፕላኑም በስዊዝ በኩል ነው ወደ ምጽዋ የመጣው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጦር በቦዩ አለፈ። በሕዝባችን ላይ የተረጨው የመርዝ ጋዝም የመጣው በዚያው መንገድ ነው። ማንም አልተደበቀም። መርከቦቹ ተራቸውን ጠብቀው፣ መንገድ መሪ አሳፍረው፣ ቀረጣቸውን ከፍለው አለፉ።

የእንግሊዝ መንግሥት የጠቀሰው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1888 የተፈረመው የቁስጥንጥንያ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ ለንግድም ለጦር መርከብም፣ ባንዲራ ሳይለይ ክፍት ይሁን ይላል። ቦዩን መዝጋት ከጣልያን ጋር ጦርነት ያስከትላል የሚል ፍርሃትም ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር በኅዳር 1928 ዓ.ም. በጣልያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን አልጨመረበትም፤ ቦዩንም አልነካውም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በሚያዝያ 1928 ከጅቡቲ በእንግሊዙ የጦር መርከብ ኢንተርፕራይዝ ተሳፍረው ወደ ሃይፋ ሲሰደዱ፣ የወራሪው ጦር በመጣበት ቦይ ነው ያለፉት።

ያው ስምምነት በ1941 እ.ኤ.አ. አልተሻረም ነበር። ነገር ግን እንግሊዝ ራሷ ስትጠቃ፣ የጣልያን ጀልባ እንኳ በቦዩ ማለፍ የማይታሰብ ሆነ። ያን ጊዜ ለኢትዮጵያ መዝጋት አይቻልም የተባለው በር፣ ጥቅም ሲነካ በአንድ ቀን ተዘጋ። ይህን ሳልናገር የሰርጓጆቹን ታሪክ ብቻ ማውራት ግማሹን መተው ነው። የቦይ ምሥጢር ጥልቀቱ ብቻ አይደለም፤ ባለቤት ያለው ውኃ መሆኑም ነው። ባለቤቱ ከፈቀደ መደበቅ አያስፈልግም፤ ካልፈቀደ መደበቅ አያዋጣም።

ዛሬስ?

ቦዩ ዛሬ 193 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ 24 ሜትር ይጠልቃል። ከውኃ በታች እስከ 20.1 ሜትር የሚጠልቅ መርከብ ያልፍበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከጎኑ 35 ኪሎ ሜትር የሚሆን አዲስ ቦይ ተቆፍሯል። ሰርጓጆቹም ግን አድገዋል። የአሜሪካው ኦሃዮ ዓይነት ሰርጓጅ ከ170 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የአካሉ ስፋት ብቻ 12.8 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ማማው አለ። 24 ሜትር ውኃ ውስጥ ይህ ሊጠልቅ ይችላል ቢባል እንኳ ከላዩ ሌላ መርከብ አይገባም፤ ከሥሩም ብዙ ውኃ አይተርፍም። የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ ምልክት ውኃ ውስጥ አይገባም፤ ድምፅ አውጥቶ አካባቢውን መለካትም ምሥጢርን ያጠፋል።

ስለዚህ ሰርጓጆች በስዊዝ የሚያልፉት ገጽ ላይ ወጥተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ የእስራኤል ዶልፊን ዓይነት ሰርጓጅ በቦዩ ገጽ ላይ አልፎ ዜናው ወጣ፤ ለኢራን የተላከ መልእክት ተደርጎም ተወሰደ። ኖቬምበር 5 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ማዕከላዊ ዕዝ አንድ ኦሃዮ ሰርጓጅ ወደ ቀጣናው መግባቱን ከነፎቶግራፉ አስታወቀ፤ ፎቶግራፉም መርከቡን በስዊዝ ቦይ ላይ ያሳያል። ዛሬ ሰርጓጅ በቦይ የሚያልፈው መታየቱ ራሱ ሲፈለግ ነው።

ፓናማን በአጭሩ ልለፈው፤ ክርክር የለውምና። እዚያ መርከቡ በውኃ በሚሞሉና በሚጎድሉ የተዘጉ ክፍሎች 26 ሜትር ያህል ሽቅብ ወደ ጋቱን ሐይቅ ይወጣል፤ እንደገናም ይወርዳል። በሩን ሰው ከፍቶ ካላስገባው የሚያልፍ ነገር የለም። ጃፓኖች ይህን ስላወቁ ነው አይ400 የተባሉትን ግዙፍ ሰርጓጆች አውሮፕላን ጭነው የጋቱንን በሮች እንዲያፈርሱ ያቀዱት፤ ዕቅዱ ሳይፈጸም ጦርነቱ አለቀ።

ወሬው የያዘው እውነት

ይህን ሁሉ ለጋሼ ካነበብሁላቸው በኋላ ጥቂት አስበው «እንግዲያ እነዚያ የወደብ ሰዎች ምን አይተው ነው?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የምጽዋ ሠራተኛ አንድ ቀን ማለዳ ሲነሣ ሰርጓጆቹ በቦታቸው የሉም። ወደቡ በእንግሊዝ መርከቦች የተከበበ ነው። ተደብቀው ወጥተዋል ማለቱ ስሕተት አይደለም፤ በእርግጥ ተደብቀው ወጥተዋል። የተሳሳተው በሩ ላይ ነው።

የወጡበት በር ባብ ኤል መንደብ ነው። በመካከሉ ያለችው ፔሪም ደሴት በእንግሊዞች እጅ ነበረች፤ ከስምንት ወር ገደማ በፊት ቶሪቼሊ የሰጠመውም እዚያው አጠገብ ነው። ነገር ግን በፔሪምና በአፍሪካ ጠረፍ መካከል ያለው ምዕራባዊ መተላለፊያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ 310 ሜትር ያህል ይጠልቃል። አራቱም በዚያ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ወጡ፤ አንዱም አልተያዘም።

የዛሬውም ሕግ ልዩነቱን ያውቃል። በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት ሰርጓጅ በሌላ አገር የባሕር ግዛት ውስጥ ሲያልፍ ገጽ ላይ ወጥቶ ባንዲራውን ማሳየት አለበት። ሁለት ሰፊ ባሕሮችን በሚያገናኙ ዓለም አቀፍ ሰርጦች ግን እንደተለመደ አካሄዱ፣ ውኃ ውስጥ ሆኖ ማለፍ ይችላል። ባብ ኤል መንደብ ከእነዚህ አንዱ ነው። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚተላለፈው ከዚሁ ሰርጥ አጠገብ ባለው በጅቡቲ ወደብ ነው። ሰርጓጅ መርከብ ሳይታይ ማለፍ የሚችልበት በር፣ ጋሼ እንዳሉት፣ አለ፤ ያለውም በሰሜን ሳይሆን በእኛው ደጃፍ በደቡብ በኩል ነው።